የሸረሪት ድር ግንብ፦ ማክቤዝ በሳሙራይ አገር

«ኩሞኖሱ ጆ» (የሸረሪት ድር ግንብ) ጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ወደ ጃፓን ወስዶ የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ቶሆ ስቱዲዮ በጃንዋሪ 1957 እ.ኤ.አ. ለዕይታ አበቃው፤ ርዝመቱ 110 ደቂቃ ያህል ነው። በምዕራቡ ዓለም «የደም ዙፋን» ይባላል። ተውኔቱን የአማርኛ አንባቢ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያውቀዋል። ፊልሙ ግን ትርጉም አይደለም፤ የሼክስፒርን ስንኞች አይጠቀምም። ኩሮሳዋ ሐሳቡን ቀደም ብሎ ይዞት ነበር፤ የኦርሰን ዌልስ «ማክቤዝ» በ1948 ስለ ወጣ አቆየው።

ታሪኩ ከስኮትላንድ ተነሥቶ መሳፍንት እርስ በርስ ወደሚፋጁበት ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን ተዛወረ። ሎሌ ጌታውን ገድሎ ግንቡን መውረሱ በዚያ ዘመን የታወቀ ነገር ስለነበር ሤራው ባዕድ አልሆነም። ማክቤዝ ዋሺዙ (ቶሺሮ ሚፉኔ)፣ ሚስቱ አሳጂ (ኢሱዙ ያማዳ)፣ የማክቤዝ ወዳጅ ባንኮ ደግሞ ሚኪ (ሚኖሩ ቺያኪ) ሆኑ። ሦስቱ ጠንቋዮች ጫካ ውስጥ በመቃ ጎጆ ተቀምጣ ክር በምትፈትል በአንዲት ነጭ ፀጉር መንፈስ ተተኩ። ብልሃቱ በይበልጥ የሚታየው በእርግዝናው ላይ ነው። ዋሺዙ ልጅ ስለሌለው የሚኪን ልጅ ወራሹ ሊያደርግ ቆርጧል፤ አሳጂ «ፀንሻለሁ» ስትለው ግን ወዳጁን ማስገደል ግድ ይሆንበታል። ልጁ ሞቶ ይወለዳል። በተውኔቱ ማክቤዝን የሚገድለው ማክደፍ ጭራሹን የለም።

የፊልሙ አጥንት «ኖህ» የተባለው ጥንታዊው የጃፓን የጭምብል ቲያትር ነው። ኩሮሳዋ ለተዋንያኑ የኖህ ጭምብሎችን እያሳየ መልካቸውን ከዚያ እንዲቀዱ አደረገ፦ ለሚፉኔ «ሄይዳ» የተባለውን የጦረኛ ጭምብል፣ ለያማዳ ደግሞ ወጣትነቷ ሊያልፍ የተቃረበችና ወደ እብደት የምታዘነብል ሴት ጭምብል የሆነውን «ሻኩሚ»። አሳጂ እግሯን ከወለሉ ሳታነሣ እየሳበች ትሄዳለች፤ ዓይኗ እምብዛም አይርገበገብም፤ ቅንድቧ ግንባሯ ላይ ከፍ ብሎ ተስሏል። ዘበኞቹን የሚያስተኛ መድኃኒት ያለበትን ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ልታመጣ ወደ ጨለማው በር ስትገባ ጨለማው ይውጣታል፤ የልብሷ ሐር ሲንሿሿ ብቻ ይሰማል። ግድያው አይታይም። ካሜራው ከእሷ ጋር ይቀራል፤ ዋሺዙ ደም የነካውን ጦር ጨብጦ ደንዝዞ ሲመለስ ከእጁ ፈልቅቃ የምትወስድለት እሷ ናት። ካሜራው በአብዛኛው ርቆ ይቆማል፤ ፊት ለብቻው ተቀርቦ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። የኖህ ስሜት ከመላ ሰውነት ስለሚነበብ አቀራረቡ ትክክል ነው።

የግንቡ ውጫዊ ክፍል የተሠራው በፉጂ ተራራ ተዳፋት ላይ ነው፤ ቦታው ለጉሙና ለጥቁሩ እሳተ ገሞራ አፈር ተመረጠ። ዲዛይነሩ ዮሺሮ ሙራኪ ግድግዳውን ጥቁር፣ ሕንፃውንም ዝቅ ያለና ሰፊ አደረገው፤ ጣሪያው ዝቅ ሲል ሰው ይታፈናል። ግቢው በስቱዲዮ ቢሠራም አፈሩ ከፉጂ ተጭኖ መጣ፤ ቀለሙ ባይገጥም ሁለቱ ቦታዎች አንድ ግንብ መምሰላቸው ይቀር ነበር። አንድ የአሜሪካ ጦር ክፍል በግንባታው እንደረዳ ይነገራል።

የመጨረሻው ትዕይንት ከሁሉ ይልቃል። ጫካው ተነቅሎ ሲመጣ ያዩት የዋሺዙ ወታደሮች ራሳቸው በጌታቸው ላይ ፍላጻ ያዘንባሉ። ብዙዎቹ ፍላጻዎች እውነተኛ ነበሩ፤ ልምድ ያላቸው ቀስተኞች ከሚፉኔ ጥግ ባሉት ሳንቃዎች ላይ ተኮሷቸው። ሰውነቱን የሚመቱት ከፊሎቹ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ በሽቦ ላይ እየተንሸራተቱ ጥሩሩ ሥር ካለ ጣውላ ላይ እንደሚተከሉ ይገለጻል። ሚፉኔ እጁን እያወናጨፈ ሲሸሽ የተሰኩትን ፍላጻዎች የሚጠርግ ይመስላል፤ በዚያው ግን ወዴት እንደሚሄድ ለቀስተኞቹ ያመለክታቸው ነበር። በተሳሳተ አቅጣጫ አንድ እርምጃ ቢራመድ ሕይወቱ ያልፍ ነበር። ፊቱ ላይ የሚነበበው ፍርሃት ሁሉ ትወና አለመሆኑን ለማመን አያዳግትም። አንገቱን ዘልቆ የሚወጋው የመጨረሻው ግን የቀረጻ ዘዴ ነው።

ፊልሙ በኦክቶበር 1957 በመጀመሪያው የለንደን ፊልም ፌስቲቫል ታየ። ኩሮሳዋ ከ«ንጉሥ ሊር» የተዛመደውን «ራን» የሠራው በ1985 ነው፤ ይህኛው ባለ ቀለም ነው።