ፒክሳር ወርዷል ወይስ አልወረደም? የአድናቂዎች የማያልቅ ሙግት

የአሜሪካው የአኒሜሽን ፊልም ስቱዲዮ፣ የፒክሳር፣ ሁለት አድናቂዎች ከተገናኙ ወሬው የሚያርፍበት ቦታ ይታወቃል። መጀመሪያ የትኛው ፊልም ይበልጣል ይባባላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ስቱዲዮው መውረድ የጀመረው ከየትኛው ፊልም ነው ወደሚለው ይገባሉ። አንዱ ከ2011 ይቆጥራል፣ ሌላው ከ2013፣ ሌላው ከ2020። ጭራሽ አልወረደም ብሎ ድርቅ የሚልም አይጠፋም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፒክሳር መቀመጫው ካሊፎርኒያ፣ ኤመሪቪል ነው። ሲነሳ የፊልም ስቱዲዮ አልነበረም። የስታር ዋርስ ፊልሞች ፈጣሪ የጆርጅ ሉካስ ኩባንያ የኮምፒውተር ክፍል ነበር። በ1986 ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ጆብስ ክፍሉን በ5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ሌላ 5 ሚሊዮን ለሥራ ማስኬጃ ጨመረና ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረገው። ዋናው ንግድ ምስል የሚያቀናብር ውድ ኮምፒውተር መሸጥ ነበር። ገበያው ግን አልቀናም። የአኒሜሽን ባለሙያው ጆን ላሴተር የሚሠራቸው አጫጭር አኒሜሽኖች ኮምፒውተሩ ምን እንደሚችል ማሳያ ነበሩ። ከነሱ አንዱ፣ ቲን ቶይ፣ ኦስካር ወሰደ። በ1991 ከዲዝኒ ጋር ረጅም ፊልም ለመሥራት ውል ታሰረ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ቶይ ስቶሪ ወጣ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም እሱ ነው።

አድናቂዎች «ወርቃማው ዘመን» የሚሉት ከዚህ እስከ 2010 ያለውን ነው። እውነትም ያስቀናል። በ15 ዓመት 11 ፊልም። ፋይንዲንግ ኒሞ በ2003፣ ዘ ኢንክሬዲብልስ በ2004። ከዚያ ራታቱዊ፣ ዎል-ኢ፣ አፕ እና ቶይ ስቶሪ 3 በተከታታይ አራት ዓመት ምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ተብለው ኦስካር ወሰዱ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሰው ተዋንያን ፊልሞች ጋር ተሰልፈው ለምርጥ ፊልም ሽልማትም ታጭተዋል።

ስለ ወርቃማው ዘመን የሚሟገት ሰው ሁሉ ማስረጃ ሲጠየቅ የሚጠራው አንድ ቦታ አለ። የአፕ መክፈቻ። አራት ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ሙዚቃ እንጂ አንድም ንግግር የለውም። ካርልና ኤሊ ይጋባሉ። ወደ ሩቅ አገር ፏፏቴ ለመሄድ ሳንቲም በብርጭቆ ዕቃ ያጠራቅማሉ። የመኪና ጎማ ይፈነዳል፤ ዕቃው ይሰበራል። የካርል እግር ይሰበራል፤ ዕቃው እንደገና ይሰበራል። ዛፍ ቤቱ ላይ ይወድቃል፤ ያው። ማጠራቀም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ቤት ውስጥ ኤሊ አቀርቅራ ስታለቅስ እናያለን። ልጅ እንደማይኖራቸው የሚነግረን ሰው የለም፣ እኛው እንረዳለን። ከዚያ ሽበት፣ ከዚያ የሆስፒታል አልጋ፣ ከዚያ ብቻውን የተቀመጠ ሽማግሌ። ሕፃናት ሊያስቁ የገቡ ወላጆች ጨለማው ውስጥ ዓይናቸውን ሲጠርጉ የተያዙት እዚህ ላይ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር አሁን የታለ?» ይላል ተሟጋቹ። መልስ ለመስጠት ያስቸግራል።

ችግሩ፣ ይህ ክርክር የድሮውን ፒክሳር እጁ የማይስት አድርጎ መሳሉ ነው። አልነበረም። በ1993 የቶይ ስቶሪ ጅምር ለዲዝኒ ኃላፊዎች ሲታይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዉዲ ክፉ፣ ተሳዳቢ፣ ማንም የማይወደው አሻንጉሊት ሆኖ ተገኘ። ሥራው እንዲቆም ተደረገ። ታሪኩ እንደገና ካልተጻፈ ፊልሙ እዚያው ይቀበር ነበር።

የቶይ ስቶሪ 2 ደግሞ ይብሳል። በ1998 አንድ ሰው በስህተት የሰጠው የማጥፊያ ትእዛዝ የፊልሙን ፋይሎች ይበላ ጀመር። ዉዲን ከፍተው ያዩ የነበሩ ሠራተኞች መጀመሪያ ኮፍያው ጠፋባቸው፣ ከዚያ ጫማው፣ ከዚያ ራሱ። የመሥሪያ ቤቱ መጠባበቂያ ቅጂ ሲታይ እሱም አይሠራም። ያተረፋቸው በቅርቡ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ የነበረች የቴክኒክ ኃላፊ ናት፤ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ነበራት። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በመኪና እንደ አራስ ልጅ ቀስ አድርገው አመጡት። የሚያስቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፊልሙ ከዳነ በኋላ ላሴተርና ጓደኞቹ አዩትና ደካማ ነው ብለው አብዛኛውን ጥለው ዘጠኝ ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እንደገና ሠሩት። ሠራተኛው እንቅልፍ አጣ፣ እጁ የተጎዳም ብዙ ነው። የወጣው ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል የሚሉ ሞልተዋል። እኔም ከነሱ ነኝ።

ስለዚህ የፒክሳር ሚስጥር አለመሳሳት አልነበረም። ጥሎ እንደገና መጀመር ነበር። ብሬይንትረስት የሚሉት ስብሰባ አላቸው፤ የስቱዲዮው ዳይሬክተሮችና ደራሲዎች ያላለቀ ፊልም አይተው ያለ ይሉኝታ ይዘነጥሉታል። አንዳንዴ ዳይሬክተሩም ይቀየራል። ራታቱዊን የጀመረው ጃን ፒንካቫ ነው፤ ብራድ በርድ ተረክቦ ታሪኩን እንደ አዲስ ጻፈው። ያን ጊዜ ማንም «ፒክሳር ታመመ» አላለም፣ ምክንያቱም ፊልሙ አማረ።

ይኸው መድኃኒት በኋላ ላይ እምቢ ማለት ጀመረ። ብሬቭን የጀመረችው ብሬንዳ ቻፕማን ነበረች፤ መሃል ላይ ተነስታ ማርክ አንድሩስ ጨረሰው። ፊልሙ የ2012ን ኦስካር አገኘ፤ ሽልማቱ አብሮት ለታጨው የዲዝኒ ፊልም ለሬክ-ኢት ራልፍ ይገባ ነበር ብለው እስከ ዛሬ የሚናደዱ ግን አሉ። ዘ ጉድ ዳይኖሰርም ዳይሬክተሩ ተቀይሮ ከ2014 ወደ 2015 ተገፋ። በዚህ ምክንያት 2014 ያለ ፒክሳር ፊልም አለፈ። ሲወጣም የመልክዓ ምድሩ ውበት አፍ ያስከፍታል፣ ታሪኩ ግን አይይዝም። ስቱዲዮው የመጀመሪያ ኪሳራውን ያየው በዚህ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት ከወራት በፊት የወጣው ኢንሳይድ አውት ደግሞ ከምርጦቹ የሚቆጠር ነው። በአንድ ዓመት ሁለቱም! «ወርዷል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ውሃ አያነሳም።

ብዙዎች ጥፋቱን ካርስ 2 ላይ ይለጥፋሉ። 2011። የተቺዎችን አስተያየት በሚሰበስበው ድረ ገጽ በሮተን ቶሜቶስ ላይ «የበሰበሰ» የተባለ የመጀመሪያው የፒክሳር ፊልም እሱ ነው፤ ለኦስካር ምርጥ አኒሜሽን እንኳ አልታጨም። ታዲያ ለምን ተሠራ? መልሱ ሱቅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ካርስ ከወጣ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት በስሙ የተሸጠው አሻንጉሊትና ዕቃ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ዲዝኒ ፒክሳርን በ2006 የገዛው በ7.4 ቢሊዮን መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ የሚነሳው የተከታይ ፊልም ክርክር ነው፤ የአድናቂው ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው። ቁጥሩ ለቅሬታው ይመሰክራል። እስከ 2009 ከወጡት 10 ፊልሞች ተከታይ የነበረው አንድ ብቻ ነው። ከ2010 እስከ 2019 ከወጡት 11 ውስጥ ግን 7ቱ ተከታይ ወይም የቀደመ ታሪክ ናቸው። በተለይ ቶይ ስቶሪ 4 ያጣላል። በ2010 በሦስተኛው ፊልም የአሻንጉሊቶቹ ባለቤት አንዲ አድጎ አሻንጉሊቶቹን ለትንሿ ልጅ ሰጥቶ ሲሄድ ታሪኩ ተዘግቷል፣ ማን ክፈቱት አላቸው ይላሉ። አምስተኛ እንደሚሠራ በ2023 ሲታወጅ ጩኸቱ ባሰ። የትኬት ገቢው ግን ሌላ ይናገራል። አራተኛው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የሚያማርረውም ትኬት ቆርጦ ነበር ማለት ነው።

ከ2020 በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። እስከ 2025 ከወጡት 8 ፊልሞች 6ቱ አዲስ ታሪኮች ናቸው። አድናቂው ሲለምን የኖረው ይህንኑ ነበር። ግን ዘመኑ አልመቸም። ኦንዋርድ ማርች 2020 ላይ ገና ሲኒማ ቤት እንደገባ ወረርሽኙ በሩን ዘጋበት። ሶል፣ ሉካ እና ተርኒንግ ሬድ አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ሳይገቡ ቀጥታ በዲዝኒ የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎት፣ ዲዝኒ ፕላስ፣ ላይ ተለቀቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ «የፒክሳር ፊልም ሶፋ ላይ ይታያል» የሚል ትምህርት ተማረ። በእኔ እምነት ከማንኛውም ደካማ ታሪክ ይበልጥ የጎዳው ይህ ነው። ከቶይ ስቶሪ ገጸ ባሕርይ የተነሳው ላይትይር በ2022 ስቱዲዮውን ወደ ሲኒማ ሲመልስ ሰው አልተከተለውም። እሱስ ይበለው፣ አሰልቺ ነበር።

ኤለመንታል ግን ሌላ ነው። በ2023 ሲወጣ የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻ ገቢው አሜሪካ ውስጥ 30 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። ጋዜጦቹ ቀበሩት። ሰው ግን ለሰው እየነገረ፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ፊልሙ ከሲኒማ አልወርድ አለ። መጨረሻ ላይ በዓለም ዙሪያ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ያን ሰሞን «ፒክሳር አለቀለት» ብለው የነበሩ ሰዎች ቀስ ብለው ርዕስ ቀየሩ።

በ2024 ስቱዲዮው ከሠራተኞቹ ወደ 14 በመቶ የሚሆኑትን ቀነሰ። በወሩ ኢንሳይድ አውት 2 ወጣና ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። በዓመቱ ደግሞ ኤሊዮ፤ አዲስ ታሪክ፣ መሃል ላይ ዳይሬክተር የተቀየረበት፣ በስቱዲዮው ታሪክ ዝቅተኛውን የመክፈቻ ገቢ ያስመዘገበ። ስለ መልኩም ብዙ ተባለ። ከሉካ ጀምሮ የገጸ ባሕርያቱ ፊት ድቡልቡል፣ አፋቸው ባቄላ የመሰለ ሆኗል የሚል ስሞታ አለ። እኔ ሉካ ላይ አይከፋኝም፤ የባሕር ዳር የበጋ ታሪክ ነው፣ ቀለል ያለ ሥዕል ይስማማዋል። ሁሉም ፊልም ላይ ሲደጋገም ግን ተቺዎቹ እውነት አላቸው።

ደረጃ ሲሰጥ የማይነገር ሌላ ሚዛንም አለ። ዕድሜ። ካርስ በ2006 ሲወጣ አዋቂዎቹ ከቀደሙት ፊልሞች ሁሉ ያንሳል ብለው ነበር። ያኔ አምስት ዓመታቸው የነበሩት፣ ቀዩን መኪና አቅፈው የተኙት፣ አሁን አድገው ክርክሩ ውስጥ ገብተዋል። ካርስን ከዎል-ኢ በላይ ሲያስቀምጡት ትልልቆቹ ይጮሃሉ፤ እነሱ ግን ፍንክች አይሉም። ተርኒንግ ሬድን በወረርሽኙ ጊዜ ቤታቸው አሥር ጊዜ ያዩት ልጆች ገና አልመጡም።