«ጋዝ አልቆበት ነው» እና ሌሎች ስለ መኪና ኤሲ የሚነገሩ ስህተቶች

የመኪና ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ምክር የሚያጣ ሰው የለም። ምክሩም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ጋዝ አስሞላው»። ይሞላል፤ ለአንድ ሰሞን ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ተመልሶ ይሞቃል፤ እንደገና ይሞላል። በዚህ ምልልስ የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ደህና የነበረ ኮምፕረሰርም አብሮ ይበላሻል።

«ጋዙ በአገልግሎት ያልቃል»

አያልቅም። ጋዙ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል ነገር አይደለም፤ በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ፈሳሹ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርድና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል።

በእርግጥ በጎማ ቱቦዎቹና በመገጣጠሚያዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ሊወጣ ይችላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ማቀዝቀዝ እስኪያቅተው ከጎደለ ግን የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ ሲያንስ ዘይቱም በበቂ መጠን አይመለስለትም። ኮምፕረሰር እየተፋጨ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ዘይት ፍሳሹንም ያጋልጣል፦ በመገጣጠሚያዎች፣ በኮንደንሰሩ ወይም በኮምፕረሰሩ ዘንግ ዙሪያ አቧራ የያዘ ቅባት ካለ ፍለጋው ከዚያ ይጀምር። በዓይን ካልታየ መካኒኩ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ወይም ናይትሮጅን ተጠቅሞ ያገኘዋል። ቀዳዳ ይደፍናሉ የሚባሉ ፈሳሾችን አልመክርም፤ ጠባቡን የቫልቭ መንገድና የጋራዡን መሙያ ማሽን ሊዘጉ ይችላሉ።

«መለኪያው ጥሩ ግፊት ካሳየ ጋዙ ሙሉ ነው»

ይህ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎችን ጭምር ያሳስታል። ሞተሩ ጠፍቶ የቆመ መኪና ላይ መለኪያው የሚናገረው በዋናነት ስለ ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አር-134ኤ የተባለው የኤሲ ጋዝ ያለበት መስመር ወደ 5.6 ባር ያሳያል፤ በውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ሙሉም ይሁን ግማሽ ንባቡ ያው ነው። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ያለፈ ስለ መጠን አይነግርም። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በሚዛን ነው፦ ያለው ይወጣል፣ መስመሩ በቫኪዩም ፖምፓ አየርና እርጥበቱ ይመጠጣል፣ ከዚያ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያለው ግራም ተመዝኖ ይገባል።

«ትንሽ ጨመር ቢደረግበት የበለጠ ይበርዳል»

በተቃራኒው ነው። የብዙ ትንንሽ መኪኖች ሙሉ መጠን ከ400 እስከ 800 ግራም ስለሆነ 100 ግራም ትርፍ ቀላል አይደለም። ትርፉ ፈሳሽ በኮንደንሰሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ሙቀት የሚወጣበትን ቦታ ይይዛል፤ ግፊቱ ይንራል፤ ቅዝቃዜው ይቀንሳል።

«ኮምፕረሰሩ ካልተነሳ ተቃጥሏል»

አዲስ ኮምፕረሰር ከመግዛት በፊት እባክዎ ቀላሎቹን ያስፈትሹ፦ ፊውዙን፣ ሪሌዩን፣ ቺንጋውን፣ ወደ ኮምፕረሰሩ ክላች (ኮምፕረሰሩን ከቺንጋው ጋር ወደሚያገናኘው ክፍል) የሚሄደውን ኤሌክትሪክ። ጋዝ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ራሱ ኮምፕረሰሩ እንዳይነሳ ያደርጋል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ በግድ ማስነሳት ያንን ጥበቃ መስበር ነው። ጠዋት ሠርቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚያቆም ከሆነ ደግሞ የክላቹ ሳህን ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ኮምፕረሰሩን ሳይቀይሩ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

«ሲነዳ ይበርዳል፣ ሲቆም ይሞቃል፤ ጋዝ አንሶታል»

ሊያንሰው ይችላል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ፋኑን ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፤ በሚኒሞ ሲቆም ያን ሥራ የሚሠራው ፋኑ ብቻ ነው። ኤሲውን አብርተው ኮፈኑን ይክፈቱና፣ እጅዎን ሳያስገቡ፣ መዞሩን ይመልከቱ። በጭቃና በነፍሳት የተደፈነ ኮንደንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ቀስ ብሎ በሚፈስ ውኃ ይታጠብ፤ ኃይለኛ ግፊት ያለው ውኃ ስስ ክንፎቹን ያጣምማል።

«አየሩ ከደከመ ጋዝ ነው»

የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ጉልበት ካጣ በመጀመሪያ ወደ መኪናው ውስጥ የሚነፋውን አየር የሚያጣራውን የካቢን ፊልትሮ አውጥቶ ማየት ነው። ሲነሳ ደህና ነፍቶ ቀስ በቀስ እየደከመ ከሄደና ጥቂት ጠፍቶ ሲበራ ከተመለሰ፣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየሠራ ነው። በሹፌሩ በኩል ቀዝቃዛ፣ በተሳፋሪው በኩል ሞቃት አየር ሲወጣ ደግሞ ሙቅና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው በር ወይም ትንሿ ሞተሩ ተይዛ ሊሆን ይችላል፤ ጋዝ ማነስም አልፎ አልፎ ይህን ያሳያል።

ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹህ ውኃ ቀዝቅዞ ውኃ የሆነ የአየሩ እርጥበት ነው፤ ጤናማ ነው። ውኃው የእግር ምንጣፉን ካራሰ ግን መውረጃ ቱቦው ተደፍኗል።

«ጋዝ ሁሉ ጋዝ ነው»

አይደለም። አር-12 በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአር-134ኤ ቦታ ለቋል፤ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ አር-1234ዋይኤፍ ይጠቀማሉ። እርስ በርስ መቀላቀል የለባቸውም። በርካሽ የሚቀርቡት የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅሎች በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ ኢቫፖሬተሩ ያለው ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል አየር መንገድ ላይ መሆኑን አይርሱ።

በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የዘይቱም ዓይነት መከበር አለበት። ኮምፕረሰሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ አምራቹ ያዘዘው ዘይት ያስፈልገዋል፤ ብርቱካናማ ኬብሎቹንም የሠለጠነ ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይንካቸው።