ሸክላ አፈርና አሸዋ ለጭቃ ግድግዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

"አፈሩ በተጣበቀ ቁጥር ግድግዳው ይጠነክራል።" ስለ ጭቃ ሥራ ከሚነገሩት ሁሉ ሥር የሰደደውና ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ነው። ሸክላ አፈር የሚያያይዝ ነገር ነው እንጂ ሸክም የሚችል አካል አይደለም። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅና ጠፍጣፋ በመሆናቸው ውኃ በመካከላቸው ይገባል፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የደጋውን መረሬ ጥቁር አፈር በበጋ ያየ ሰው መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ድረስ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል፤ ይህንኑ አፈር ብቻውን አቡክቶ ጡብ የሠራበት ደግሞ ስንጥቁን ግድግዳው ላይ ያገኘዋል። አሸዋ አያብጥም፣ አይኮማተርም። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ክብደቱን ይሸከማሉ፣ ሸክላው በመካከላቸው ገብቶ ይይዛቸዋል። ስለዚህ በጥሩ የጭቃ ጡብ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አሸዋ ሲሆን፣ ሸክላው ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ15 እስከ 30 ቢሆን ይበቃል። ቀይ አፈር በአብዛኛው ብዙም የማያብጥ የሸክላ ዓይነት ስለሚይዝ ከመረሬው ያነሰ አሸዋ ይበቃዋል።

ከዚህ ተነሥተው "እንግዲያውስ አንድ እጅ አፈር ለሦስት እጅ አሸዋ ነው" ብለው ቀመር የሚይዙ አሉ። ቀመሩ ለአንድ ጉድጓድ አፈር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለጎረቤቱ ጉድጓድ ግን ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ከመሬት የሚቆፈረው አፈር ንጹሕ ሸክላ ሳይሆን አሸዋና ደለል የተቀላቀለበት ነው። ደለል ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚለሰልስ፣ ነገር ግን እንደ ሸክላ የማያያይዝ በመሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል። የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሣርና ሥር ከሌለበት ጥልቀት የተወሰደ አፈር በሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሢሶው ይጨመራል፣ ውኃ ይሞላበታል፣ በደንብ ተንጦ ይቀመጣል። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ታች ይዘቅጣል፤ ደለሉ ቀስ ብሎ በላዩ ላይ ይተኛል፤ ሸክላው ውኃውን አደፍርሶ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የሦስቱ ንብርብር ውፍረት የእያንዳንዱን ድርሻ ያሳያል፤ ይህ ግን ግምት ብቻ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የአሸዋቸው መጠን የተለያየ ጥቂት የሙከራ ጡቦችን ሠርቶ በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል። የተሰነጠቀው አሸዋ ያንሰዋል፣ በጣት ሲታሽ የሚረግፈው አሸዋ በዝቶበታል፣ ሳይሰነጠቅና ሳይረግፍ የደረቀው ደግሞ ለዚያ ቦታ ትክክለኛው ድብልቅ ነው። በእኔ እምነት ከዚህ ሙከራ በፊት አንድም የግድግዳ ጡብ መመታት የለበትም።

"ጭድ ካለ አሸዋ ምን ያደርጋል?" የሚለው አመለካከት በከፊል እውነት አለው። በማገርና በቋሚ እንጨት በሚሠራው ቤት ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ ስለሆነ፣ በጤፍ ጭድ ተረግጦ ጥቂት ቀን የሰነበተ ጭቃ ያለ አሸዋም ሥራውን ይሠራል። የጭዱ ጥቅም አንዱን ሰፊ ስንጥቅ ብዙ ጥቃቅን አድርጎ መበተንና ጭቃውን አያይዞ ማቆየት ነው፤ የሸክላውን መኮማተር ግን አያስቀረውም። ግድግዳው ራሱ ጣሪያውን በሚሸከምበት የጡብ ሥራና በስሱ በሚቀባው የመጨረሻ ልስን ላይ ግን አሸዋውን ጭድ አይተካውም።

የአሸዋ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ከሁሉ የሚሻለው ሻካራ፣ ጥግ ያለውና ትልቁ ከትንሹ የተደባለቀበት አሸዋ ነው። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ጨው ስለሚይዝ፣ ጨውም እርጥበት እየሳበ ልስኑን ስለሚያራግፍ፣ ሳይታጠብ መግባት የለበትም።

"ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ቢደረግበት ማንኛውም ጭቃ ይጠነክራል" የሚለው እምነት ብዙ ገንዘብ ያስባክናል። ሲሚንቶ በደንብ የሚይዘው አሸዋ የበዛበትን አፈር ነው፤ ሸክላ በበዛበት አፈር ውስጥ ደቃቁ ቅንጣት ሲሚንቶው አሸዋውን እንዳያገኝ ይከለክለዋል፣ እብጠቱም የተያያዘውን መልሶ ይሰብረዋል። በማሽን ተጨምቀው የሚሠሩ የአፈር ብሎኬቶች ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ5 እስከ 10 ሲሚንቶ የሚገባባቸው፣ አፈራቸው ተመርጦና ተነፍቶ ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን መለሰንም ሌላው ስሕተት ነው፤ ልስኑ ከግድግዳው ጋር አብሮ ስለማያብጥና ስለማይኮማተር ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ጭቃውን ያላላዋል። በኖራ ወይም በአሸዋና በጭድ በተመጠነ ጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ግን እርጥበቱን ያወጣል።

በመጨረሻ፣ ጭቃ በተፈጥሮው ዕድሜ የለውም የሚሉ ሰዎች በየመን ሐድራሞት የምትገኘውን ሺባምን ቢያስቡ ጥሩ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ረጃጅም ፎቆች አሏት፤ አብዛኞቹም ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠሩ ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ግን ጉዳት አድርሶባታል። የተስተካከለ ድብልቅ እንኳ ሥሩ የሚቆመውንና የሚያጥበውን ውኃ አይችልምና፣ ግድግዳው ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ መነሣት፣ የጣሪያውም ክፍክፍ ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ እንዲጥል ሆኖ መውጣት አለበት፤ ልስኑ ደግሞ የተላላጠበት ቦታ ክረምት ሳይገባ በዚያው በተፈተነው ድብልቅ መታደስ ይኖርበታል።