የቤት ውስጥ ሸቀጦችን በመፈተን ሳይንሳዊ ዘዴን ማስተማር፦ ከወሎ አንጻር

የቤት ውስጥ ሸቀጦችን በመፈተን ሳይንሳዊ ዘዴን ማስተማር፣ ተማሪዎች ሳሙናን፣ ጨውን፣ በርበሬንና የባትሪ ድንጋይን የመሳሰሉ ዕቃዎች እያነጻጸሩ መጠየቅን፣ መላምት ማስቀመጥን፣ መለካትንና መደምደምን የሚለማመዱበት ስልት ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ከማጀትና ከገበያ ስለሚገኝ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የብዙ ትምህርት ተቋማቷ ንብረት ለተዘረፈባትና ለወደመባት ወሎ በእጅጉ ይስማማል። ከአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ ማስተማር ግን ከዚያ በፊትም የነበረ ነው፤ በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ሥራ ይኸው ነበር።

ለጀማሪዎች የሚመቸው የልብስ ሳሙና ፈተና ነው። ከአንድ አቡጀዲ በተቆረጡ እኩል ጨርቆች ላይ እኩል የወጥ ጠብታ ይደረግና እድፉ ሲደርቅ እያንዳንዱ ጨርቅ በተለያየ ሳሙና፣ ነገር ግን በእኩል ውሃ፣ በእኩል የሳሙና ክብደትና ለእኩል ጊዜ ታሽቶ ይታጠባል። አንዱ ጨርቅ በውሃ ብቻ ይታጠባል፤ ሳሙናው ያስለቀቀውን እድፍ ውሃው ካስለቀቀው ለመለየት የሚያስችለው እርሱ ነው። ሳሙናዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ይሰየማሉ፤ ንጣቱን የሚዳኘው ተማሪም የትኛው ጨርቅ በየትኛው ሳሙና እንደታጠበ እንዳያውቅ ይደረጋል፤ ያለዚያ እናቱ የምትገዛውን ሳሙና ማስበለጡ አይቀርም። ውሃውም ውጤቱን ይለውጣል፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከተራ ሳሙና ጋር ዝቃጭ ስለሚሠራ አረፋው ያንሳል፤ በዝናብ ውሃ ግን ያው ሳሙና በደንብ ያረፋል።

ከሁሉም ሰፊው የጨው ፈተና ነው። ወሎ ከአፋር ጨው ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ የባቲ የሰኞ ገበያም እስከ ዛሬ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ያገናኛል። እንቅርትን ለመከላከል በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። በአገራችን ለጨው የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ሲሆን፣ አዮዴት ብቻውን የስታርችን (በድንችና በዱቄት ውስጥ የሚገኘውን ንጥረ ነገር) ቀለም አይለውጥም። በጨው ላይ ጥቂት የስታርች ውሃ፣ በውሃ የሟሟ ፖታሲየም አዮዳይድና ኮምጣጤ ሲጨመር ግን ነፃ አዮዲን ወጥቶ ጨው ሰማያዊ ይሆናል። አዮዳይዱ ከተዘነጋ ቀለም አይታይም፤ ተማሪውም «ይህ ጨው አዮዲን የለውም» ብሎ በስሕተት ይደመድማል። ስለዚህ አዮዲን እንዳለው የታወቀ አንድ ናሙናና የሌለው ሌላ ናሙና አብረው መፈተን አለባቸው። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር አዮዲኑ ይበዛል የሚል አስተያየት ይሰማል፤ ምናልባት ከፊል እውነት ይኖረው ይሆናል፤ መጠኑ በእርግጥ የሚታወቀው ግን በቲትሬሽን፣ ማለትም ጥንካሬው የታወቀ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ በመለካት ነው። አዮዲን በእርጥበት፣ በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ስለሚቀንስ፣ በታሸገ ጨውና በክፍት ጆንያ በተሸጠ ጨው መካከል ያለው ልዩነት ለተከታይ መላምት ይሆናል።

ሌሎች ቀላል ፈተናዎችም አሉ። በእርድ የተነከረ ወረቀት በሳሙና ወይም በአመድ ውሃ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ይህም ፈሳሹ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ አልካሊ መሆኑን ያሳያል። የጡብ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዱቄቱ ቀድሞ ይዘቅጣል። የመሬቱ አቀማመጥም ያግዛል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 አካባቢ ነው። ሁለት ጎረቤት ከተሞች ውጤት ተለዋውጠው ይህን ልዩነት በቴርሞሜትር ሊያዩ መቻላቸው ለወሎ የተሰጠ ጸጋ ነው።

ለዚህ ትምህርት ከእንዶድ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን አስተውለው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጡ፤ በ1989 እ.ኤ.አ.ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ግኝቱ የአድዋ ቢሆንም፣ እንዶድ በወሎ ደጋም የታወቀ የልብስ ማጠቢያ ነው።

የተፈተነ ምግብ አይቀመስም። በረኪና ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በረኪናን የሚመለከት ፈተና ለብቻው፣ መስኮት ተከፍቶና መምህር ባለበት ይካሄዳል።