የድኅረ ምረቃ የፊዚክስ ላቦራቶሪ በሰሜን ሸዋ ከፍታ

የድኅረ ምረቃ የሙከራ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ተማሪው ቀድሞ በቀመር ያወቃቸውን ሙከራዎች በገዛ እጁ የሚሠራበት፣ ያገኘውንም ቁጥር ከነስህተት ወሰኑ የሚያቀርብበት ትምህርት ነው። ሙከራዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

በሰሜን ሸዋ ይህን ትምህርት ልዩ የሚያደርገው ከፍታው ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል እንዳለው 760 ሳይሆን ወደ 540 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም ለዚህ ነው። የላብ ማንዋሎች ግን ብዙውን ጊዜ የባሕር ጠለልን ቁጥር ይዘው ይመጣሉ።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚሊካን በ1909 እ.ኤ.አ. የጀመረውን፣ የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል) ከዘይት ጠብታዎች አወራረድና አወጣጥ ፍጥነት የሚሰላበትን የዘይት ጠብታ ሙከራ እንውሰድ። አንዷ ተማሪ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ፣ ጣቷን ከቮልቴጁ ማብሪያ ሳታነሳ ትቀመጣለች፤ ጓደኛዋ ሰዓት ይይዛል። በጨለማው መስክ ላይ ጠብታዋ እንደ ኮከብ ታበራለች፤ ቮልቴጁ ሲጠፋ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ሲበራ ትወጣለች። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ጠብታዋ አመለጠች፤ ሌላ ፈልጎ እንደገና መጀመር ነው።

ከባዱ ሥራ ስሌቱ ላይ ይመጣል። ጠብታዋ ደቃቅ በመሆኗ የአየር ሞለኪውሎች መራራቅ ይሰማታል፤ ስለዚህ አየር የምትወርደውን ጠብታ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሰላው የስቶክስ ሕግ በግፊት የሚወሰን እርማት ይፈልጋል። ራዲየሷ ግማሽ ማይክሮሜትር ለሆነ ጠብታ 540 መግባት ሲገባው 760 ቢገባ፣ የኤሌክትሮኑ ቻርጅ ከ8 እስከ 9 በመቶ ከፍ ብሎ ይወጣል። የስበት ፍጥነቱም 9.81 ሳይሆን ወደ 9.77 ነው፤ እሱ ግን የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው። በእኔ እምነት ከኮርሱ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ተማሪው ከማንዋሉ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ባሮሜትር ማንበብ ይለምዳል። ሚሊካን ራሱ ትክክል ባልሆነ የአየር ዝልግልግነት ቁጥር ተጠቅሞ ውጤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎበት ነበር።

አተሞች ኃይልን በተወሰነ መጠን ብቻ እንደሚቀበሉ የሚያሳየውን የፍራንክና ኸርዝ ሙከራ ከፍታ አይነካውም፤ በሜርኩሪ ቱቦ የሚታዩት የኤሌክትሪክ ፍሰት ጫፎች የትም ቦታ በየ4.9 ቮልቱ ይመጣሉ። ቱቦው ግን በደንብ መሞቅ አለበት፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከፍታው የሚጠቅመው ከጠፈር ለሚመጣው ለኮስሚክ ጨረር ሙከራ ነው። ይህ ጨረር አየር ሲመታ የሚፈጠረው ደቃቅ ቅንጣት፣ የሚዩኦን፣ አማካይ ዕድሜ፣ 2.2 ማይክሮሰከንድ፣ እዚህም ያው ነው፤ ከላያችን ያለው አየር ስለሳሳ ግን ቁጥራቸው ይበዛል። ሁለት የጨረር ቆጣሪዎችን ደርቦ በአንድ ቅጽበት ሁለቱንም የመታውን ብቻ መቁጠር የአፈሩን ጨረር ይለያል። ይህን መሣሪያ መኪና ላይ ጭኖ በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና አድርጎ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት መውረድ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ መንገድ ነው፤ በየፌርማታው እኩል ደቂቃ ቢቆጠር፣ ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ቆጠራው ሲቀንስ ደብተሩ ላይ ይታያል።