ቨርዥን ቁጥር ምንድን ነው?

ጣና ዳር ነው ነገሩ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ሰዎች የጀልባ የሚከፍሉበት ትንሽ ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። የክፍያውን በተን ራሴ አልጻፍኩትም፤ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን የጃቫስክሪፕት ኮድ፣ ፓኬጅ የሚባለውን፣ ፓኬጅ በሚያወርደው በኤንፒኤም ኢንስቶል አደረግኩ፣ አለቀ።

ከሁለት ወር በኋላ ሰርቨር ቀየርኩና እንደገና ኢንስቶል አደረግኩ። በማግስቱ ጀልባ ነጂው ደወለ። «አንተ ልጅ፣ ሰው ሁሉ 2 ብር ከ50 እየከፈለ ነው፤ ምን ጉድ ነው?» ዋጋው 250 ብር ነበር። ኮዴን ደግሞ ጫፉን አልነካሁትም።

ጉዱ የተደበቀው ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ፓኬጆች ከነቨርዥን ቁጥራቸው በሚጻፉበት ፋይል፣ ፓኬጅ ዶት ጄሰን ውስጥ ነው፦ ^2.4.1።

የመጨረሻው ቁጥር፣ 1፣ ስህተት ሲታረም ከፍ ይላል። የመሃሉ 4 የድሮው ሳይነካ አዲስ ነገር ሲገባ ነው። የመጀመሪያው 2 ከተቀየረ ግን ጠንቀቅ ነው፤ የድሮው አጠቃቀም ላይሠራ ይችላል። ኮፍያ የመሰለችው ^ ደግሞ «2 እስካልተቀየረ ድረስ የመጨረሻውን አምጣልኝ» ትላለች።

የፓኬጁ ባለቤት ዋጋ በብር መቀበሉን ትቶ በሳንቲም አደረገው። ያ 3.0.0 መባል ነበረበት። እሱ ግን 2.5.0 ብሎ ለቀቀው። ኮፍያዋም በሩን ከፍታ አስገባችው። ኤንፒኤም ቁጥሩን እንጂ ውስጡን አይመረምርም፤ ነገሩ በሰው እምነት ላይ የቆመ ነው።

የእኔም ጥፋት አለበት። የገባውን ቨርዥን ልቅም አድርጎ የሚመዘግበውን የፓኬጅ ሎክ ፋይል ከኮዴ ጋር ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘገብበት) ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። እሱ ካለ «ኤንፒኤም ሲአይ» የሚባለው ትእዛዝ የተመዘገበውን ብቻ ያመጣል። ገንዘብ የሚነካ ነገር ላይ እኔ አሁን ኮፍያዋንም አወልቃለሁ።

ራሳችሁ ፓኬጅ ስትለቁስ? አንዴ ፐብሊሽ የተደረገ ቁጥር ቢሰረዝ እንኳ በዚያው ቁጥር ሁለተኛ መልቀቅ አይቻልም። መሰረዙም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ በ2016 ሌፍት-ፓድ የምትባል 11 መስመር ፓኬጅ ባለቤቷ ቢያነሳት የስንቱ ፕሮጀክት ተሰበረ፣ ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጠብቋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ኤንፒኤም ፓክ» በሉና የሚወጣውን ፋይል ሌላ ፕሮጀክት ላይ ሞክሩት። ውስጡንም እዩት። የክፍያ ድርጅቱ የሰጣችሁ ሚስጥራዊ ቁልፍ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ፓኬጅ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

የራሴ ፓኬጅ 1.0.3 ላይ ደርሷል። 1.0.2 የት ገባ ካላችሁ፣ ከነቁልፉ ለቅቄው ነበር። ቁልፉን ቶሎ ቀየርኩት። ቁጥሩ ግን በዚያው ቀረ።