የግእዝ የነገረ ሃይማኖት መጻሕፍት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት «መጻሕፍተ ሊቃውንት» የሚባሉት ስለ ሥላሴ፣ ስለ ቃል ሥጋ መሆንና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አበው የጻፏቸው፣ አብዛኞቹም ከግሪክኛ ወይም ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሱ መጻሕፍት ናቸው። ከእነዚህ ጎን የአገሩ ሊቃውንት ራሳቸው በግእዝ የደረሷቸው አሉ። ሁለቱም ወገኖች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አንዱ ተነሥቶ «እንዲህ አይደለም» ባለ ጊዜ ለእርሱ መልስ ሆነው የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን መጽሐፍ ለመረዳት የሚመልስለትን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በባላጋራው ብዕር ብቻ ነው።

ቀዳሚው «ቄርሎስ» ነው። በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክኛ የተተረጎመ ስብስብ ሲሆን፣ የእስክንድርያው ቄርሎስ ስለ ቀናች ሃይማኖት ለንጉሥ ቴዎዶስዮስ የጻፈውንና በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን ጉባኤ ማርያም ወላዲተ አምላክ አትባልም ባለው በንስጥሮስ ላይ የቆሙ አባቶችን ድርሳናት ይዟል። የመጽሐፉ ትልቁ ውለታ ለግእዝ የነገረ መለኮት ቃላትን ማጽናቱ ነው። «ባሕርይ» በግእዝ ዕንቍም ማለት ነው፤ በነገረ መለኮት ግን ለመለኮትና ለትስብእት (ለሰውነት) ምንነት መጠሪያ ሆነ። «አካል»ም እንዲሁ ዛሬ በአማርኛ ሥጋን ብቻ የሚያሳስብ ቃል ስለሆነ፣ ስለ አብ፣ ስለ ወልድና ስለ መንፈስ ቅዱስ «ሦስት አካል» የሚለውን ያለ መምህር የሚያነብ ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊሳሳት ይችላል። «ሃይማኖተ አበው» ከዚህ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዓረብኛ የተሰበሰበና በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ የእስክንድርያና የአንጾኪያ ፓትርያርኮች የተላላኳቸውን የሃይማኖት ደብዳቤዎች ጨምሮ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ያለውን የኬልቄዶንን ጉባኤ ለሚቃወም ሁሉ የማስረጃ ጎተራ ሆኗል።

ከአገር በቀሎቹ የሚልቀው፣ በእኔ ግምት፣ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ «መጽሐፈ ምሥጢር» ነው። በ1424 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው ይህ መጽሐፍ በበዓላት ቀን እንዲነበቡ የተደራጁ ድርሳናት ስብስብ ነው፤ ሰባልዮስን፣ አርዮስን፣ ንስጥሮስንና ሌሎችንም መናፍቃን ተራ በተራ እያቀረበ ይረታል። የሞቱ መናፍቃንን እንደገና መርታት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም ደራሲው በዘመኑ ሕያዋን ተከራካሪዎች ነበሩት፤ ገድሉ ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በቤተ መንግሥት ስላደረገው ክርክር ይተርካል፣ ስለዚህ የጥንቶቹ ስም ሲጠራ አድማጩ የቅርቦቹን ማሰቡ አይቀርም ነበር። ሌላው የመጽሐፉ ልዩ ነገር ቋንቋው ነው። ጊዮርጊስ ሰዓታትና አርጋኖን የተባሉት የጸሎት መጻሕፍት ደራሲ ነውና በክርክር መካከል ወደ ምስጋና ይሻገራል፤ አንባቢው ክርክሩ የት አልቆ ጸሎቱ የት እንደ ጀመረ ለመለየት ይቸገራል።

ከእርሱ በኋላ ብዕሩን ያነሣው ንጉሡ ራሱ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) «መጽሐፈ ብርሃን»ን የመሰሉ መጻሕፍትን በስሙ አውጥቶ በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበቡ አዘዘ። ስለ ሁለቱ ሰንበታት፣ ማለት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ከሚሉት ከአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ጋር የነበረው የቆየ ጠብ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በስምምነት ሲፈታ፣ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም፤ ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ተከራካሪው ከውጭ መጣ። እጨጌ ዕንባቆም የየመን ተወላጅ ነበር፤ ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብቶ የደብረ ሊባኖስ አበምኔት እስከ መሆን የደረሰ ሲሆን፣ በ1540 እ.ኤ.አ. ገደማ «አንቀጸ አሚን»ን ለኢማም አሕመድ መልእክት አድርጎ ጻፈ። ቁርኣንን በቅርብ ያነበበ ሰው መሆኑ ከመጽሐፉ በግልጽ ይታያል። ከካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ከኢየሱሳውያን ጋር ለተነሣው ክርክር ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት ኑዛዜውን አወጣ። እኛ የምንገረዘው እንደ አይሁድ አይደለም፣ ኖባ ፊቱን እንደሚበጣ ያለ የአገር ልማድ ነው የሚለው ዐረፍተ ሐሳብ በአጭሩ የመመለስን ጥበብ ያሳያል።

ኢየሱሳውያን በ17ኛው መቶ ዓመት ከአገር ሲወጡ ያነሡት ጥያቄ ግን ቀረ። የሐዋርያት ሥራ 10፥38 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል፤ ታዲያ ተዋሕዶ በራሱ ሥጋን ካከበረ መቀባቱ ለምን አስፈለገ? ቅብዐቶች በቅብዐቱ የባሕርይ ልጅ ሆነ አሉ፤ ጸጎች ከሁለቱ ልደታት፣ ከአብና ከማርያም ከተወለደው፣ ላይ ሦስተኛ የጸጋ ልደት ጨመሩ፤ ካሮች ተዋሕዶው ራሱ ክብር ነው ብለው በሁለት ልደት ጸኑ። በአንድ ቃል ላይ የተነሣው ይህ ሙግት ጎጃምን ከጎንደር፣ ሸዋን ከትግሬ ሲያጋጭ ኖሮ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ በሰበሰቡት ጉባኤ ሦስት ልደት ተወገዘ።

መጻሕፍቱ የሚጠኑት በመጻሕፍት ቤት ነው። ይህ የመጨረሻው የትምህርት ደረጃ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት በሚባሉ ክፍሎች የተመደበ ሲሆን፣ ሁሉንም አጠናቅቆ ወንበር የዘረጋ መምህር አራት ዓይና ይባላል። አንዱ ተማሪ ግእዙን ከፍ ባለ ድምፅ ያነባል፤ መምህሩ በሐረጉ ላይ አስቁሞት ትርጓሜውን በአማርኛ ያወርዳል፤ የቀሩት ክብ ሠርተው ያደምጣሉ፣ የሰሙትንም በቃላቸው ይይዛሉ። ከአንዱ ፍቺ ቀጥሎ «አንድም» ተብሎ ሌላ ፍቺ ይመጣል፣ ፊተኛው ግን አይሻርም። ሐተታው ሊጀመር ሲል ደግሞ «ስለ ምን ቢሉ» ይባላል። ማን እንደሚል አይነገርም። ስሙ የጠፋ ያ ጠያቂ በሰዋስው ውስጥ ተሸሽጎ ከመልሱ ጋር አብሮ ይተላለፋል።

ኅትመት ሲመጣ ይህ የቃል ትምህርት ቀስ በቀስ ወደ ወረቀት ወረደ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. በድሬዳዋ ያሳተሙ ሲሆን፣ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡት የግእዝ መዝገበ ቃላት ደግሞ በደስታ ተክለ ወልድ ጥረት በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ዛሬም መጻሕፍተ ሊቃውንትን ለማንበብ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገልጠው ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ ወደ ሚኒሶታ የላከ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ዘርዝረዋቸዋል። እኒሁ ሊቅ የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድሎች ከግእዝ ተርጉመው ለአማርኛ አንባቢም አቅርበዋል። በዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍት ውስጥ የማርያም ጠላቶች ተብለው የሚወገዙት መነኮሳት በእነዚህ ገድሎች ለምን እንዳልሰገዱ በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ፤ በትግራይ የሚገኘው የጉንዳ ጉንዴ ገዳማቸውም በእጃቸው የጻፏቸውን ብራናዎች ለዘመናት ጠብቆ አቆይቷል።